ዝም ያለው ፕሪንተር

አንድ ራፖር ጸሐፊ ነበረ። በአንድ የወረዳ ፍርድ ቤት አጥር ሥር የላስቲክ ዳስ ወጥሮ፣ ለባለጉዳይ ማመልከቻ እየጻፈ ቤተሰቡን የሚያሳድር ሰው።

አትቁነጥነጥ ደምሰው። ጥያቄህን አልረሳሁትም። «ጋሼ፣ ቁጣዬን ትቻለሁ። በልጆቼ ላይ እጄን ላላነሳ፣ ላልጮህባቸውም ምያለሁ። ቤቴ ግን አልሰማኝም። ቀስ ብዬ ስናገር ይብስ ይደነግጣሉ፤ ስገባ ጭጭ ይላሉ። ድሮ ስጮህ ቢያንስ የታዘዘው ይሠራ ነበር። ታዲያ ለምን ወደ ድሮዬ አልመለስም?» ነው ያልከኝ። እሱን ነው የምመልስልህ። ስለ ላፕቶፕ ማውራት ስጀምር ግን «ሽማግሌው ጃጀ» ብለህ እንዳትነሳብኝ። ተቀመጥና ስማ።

ጸሐፊው አንድ ላፕቶፕና አንድ ፕሪንተር ነበረው። መብራቱን ከጎኑ ካለችው ሻይ ቤት በገመድ ስቦ ነው የሚያሠራቸው። ባለጉዳይ ይመጣል፣ በደሉን ይናገራል፣ ጸሐፊው ይተይባል፣ ፕሪንተሩ ወረቀቱን ይተፋል፣ ባለጉዳዩም ፈርሞ ወደ ሬጅስትራር ይሮጣል። ሥራው ይኸው ነው።

ላፕቶፑን ከላይ ሆኖ የሚያዘው ሲስተም ከገበያው ዳር ያለ አንድ ባለሱቅ የጫነለት ነበር። መሥራቱንስ ይሠራል፤ ማን ካደ! ግን ቫይረስ የጨረሰው ነበር። ባለጉዳይ ፍላሹን ሰክቶ ሲነቅል ፋይሉ ጠፍቶ ባዶ ምልክት ይቀርለታል። ዛሬ የተጻፈ ክስ ነገ ሲከፈት የለም። ጸሐፊው ማሽኑን ተሸክሞ ወደ ባለሱቁ ይሄዳል፤ ባለሱቁ ያጸዳለታል፤ ሳይቆይ ያው ይሆናል። «ሌላ የለም ወይ?» ብሎ ሲጠይቀው «አገር ምድሩ በዚሁ አይደል እንዴ የሚሠራው? አንተ ከማን በልጠህ ነው?» ይለዋል። እሱም አንገቱን ደፍቶ ይመለሳል።

አንድ ቀን አንዲት እናት መጣች። ባሏ ሞቶባት የባሏ ወንድሞች ከነልጆቿ ከቤቷ ሊያስወጧት የተነሱባት ሴት ናት። ጸሐፊው ፊት ተቀምጣ፣ እያለቀሰችም እየተቆጣችም፣ ከሠርጓ ቀን ጀምራ እስከ ባሏ ቀብር ድረስ ያለውን ሁሉ ነገረችው። ለማንም ያልተናገረችውን ጭምር። እሱም አሳምሮ ጻፈላት። በማግሥቱ ልትወስድ ስትመጣ ፋይሉ የለም። ከፍቶ አየ፣ ዘግቶ ከፈተ፣ የለም።

«እንደ ምንም ብለሽ እንደገና ንገሪኝ» አላት።

ሴትዮዋ አየችው። «ያን ሁሉ?» አለች። «ያን ሁሉ ደግሜ ልናገር?» ከዚያ ዳሱ ሥር ቁጭ ብላ ፊቷን በሻርፗ ሸፈነች።

ያን ጊዜ ሰውየው አመረረ። ባለሱቁን አልሰደበም፣ ቫይረሱን አልረገመም። «የሰው እንባ የሚበላ ነገር በኔ ዳስ ውስጥ አያድርም» አለ። ሴትዮዋን ለሰኞ ቀጠራት። አንድ የድሮ የትምህርት ቤት ጓደኛው «ይሄ ይሻልሃል» ብሎ አዲስ ሲስተም በፍላሽ ሰጥቶት ነበርና፣ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለስ ተቀምጦ የድሮውን ከሥሩ ደመሰሰው፤ አዲሱንም ጫነ። ስክሪኑ ንጹሕ ሆኖ ተከፈተ። ሰውየው ደስታው ልክ አልነበረውም፤ «ተገላገልኩ!» እያለ ሚስቱን አስደነቃት።

አንተም በማልክ ዕለት እንደዚሁ አልነበርክም? ፊትህ በርቶ እኔ ዘንድ ስትመጣ አይቼሃለሁ።

ሰኞ ጠዋት ዳሱ ውስጥ ተቀመጠ። እንደ ልማዱ መዝሙር ሊከፍት ሞከረ፤ ድምፅ የለም። ዋይፋዩ ጭራሽ እንዳልተፈጠረ ሆነ። በጣት የሚነካው ሰሌዳ ወደ ቀኝ ሲሉት ወደ ላይ ይፈናጠራል። ካሜራው ጨለማ ነው። ይሄ ሁሉ ይሁን ግዴለም። ፕሪንተሩስ? ፕሪንተሩ አረንጓዴ መብራቱን ቦግ እልም እያደረገ ቁጭ ብሎ ያየዋል። «ፕሪንት» ይለዋል፤ ወይ ፍንክች! ገመዱን ነቅሎ ይሰካል፤ ወይ ፍንክች! ባለጉዳይ ተሰልፏል፣ ሬጅስትራሩ ሊዘጋ ነው፣ ሰው ማጉረምረም ጀምሯል።

ጸሐፊው ምን አደረገ መሰለህ? ጮኸበት። አልሰማ ሲለው በጥፊ አጮለው። አዎ፣ ማሽኑን! አትሳቅ ደምሰው፤ አንተ በጥፊ ያጮልከውን እኔ አውቃለሁ።

ማሽኑን መምታቱ ምንም አልፈየደለትም። ወሬው ግን ገበያ ደረሰና ባለሱቁ እየተንጎማለለ መጣ። ዳሱ በር ላይ ቆሞ አንዴ ፕሪንተሩን፣ አንዴ ሰውየውን አየ።

«አላልኩህም? ይሄ አዲስ የምትለው ነገር ሽባ አደረገብህ» አለው። «በል ስጠኝ። እስከ ምሳ ሰዓት እንደ ድሮው አድርጌ አመጣልሃለሁ። ድምፁም ይመጣል፣ ዋይፋዩም ይመጣል፣ ፕሪንተሩም ይተፋል።»

ባለጉዳዩም አገዘው። «ስጠው እንጂ!» «ቢያንስ ድሮ ይሠራ ነበር!» «የምን ግትርነት ነው!» ከፊሉም ወረቀቱን ሰብስቦ አጠገቡ ወዳለው ሌላ ጸሐፊ ሄደ። ሰውየው ሆድ ባሰው። የልጆቹ ቁርስና እራት ከዓይኑ ሥር ተነስቶ ሲሄድ ያያል። ላፕቶፑን ከደነና በሁለት እጁ አነሳው፤ ሊሰጥ ነው።

ያቺ እናት ከሰልፉ መጨረሻ ቆማ ነበር። ከንፈሯ ብቻ ይንቀሳቀሳል፤ ታሪኳን ለራሷ ታጠናለች፣ ደግማ ስትናገር አንድም ነገር እንዳይቀርባት። ሰውየው አያት።

ላፕቶፑን መልሶ ደረቱ ላይ ለጠፈው። «አልሰጥም!» አለ።

«እና በምን ልትሠራ ነው?» አለ ባለሱቁ።

«በእጄ!»

«ፕሪንተሩስ?»

«እንደ ተዘጋ ይቀመጣላ! ያ ፋይል የሚበላ ሌባ ግን ተመልሶ አይገባም። አልኩ አልኩ፣ አይገባም!»

ጎሽ! እኔ ብሆን አቅፌ እስመው ነበር። በዚያች ሰዓት እኮ የሚያሳየው ነገር የለውም። አዲሱ ከድሮው እንደሚሻል ማስረጃ አቅርብ ቢሉት አንድ ወረቀት እንኳ ማውጣት አይችልም። በእጁ ያለው እምቢታ ብቻ ነበር።

እስክሪብቶ አወጣ። ሴትዮዋን አስቀምጦ ታሪኳን እንደገና ሰማ፤ በእጅ ጽሑፉ አንድ በአንድ አሰፈረው። ከዚያ ተያይዘው ወደ ሬጅስትራር ገቡ። ሠራተኛው አፍንጫውን ነፋ። «ለዛሬ ቀኑ እንዳያልፋት እቀበላለሁ፤ ከችሎቱ በፊት ግን ለተከሳሾቹ የሚደርስ ቅጂ በታይፕ ታመጣለች። ካላመጣች መዝገቡን እዘጋዋለሁ» አለ።

ጸሐፊው ወደ ሴትዮዋ ዞረና «እኔን አትጠብቂ፤ ጎረቤቴ ዘንድ ሂጂና አስተይቢ» አላት። እሷ ግን «የሱም ማሽን ያው የሚበላው ዓይነት ነው። ሦስተኛ ጊዜ የምናገርበት አንጀት የለኝም። አንተን እጠብቃለሁ» አለች። እንግዲህ የሴትዮዋ ቤት በዚያ ዲዳ ፕሪንተር ላይ ተንጠለጠለ። የሰውየውን ጭንቀት አስበው።

ሲወጡ የችሎቱ አዳራሽ በር ክፍት ነበርና ቆም ብለው አዩ። አንድ ከቆላ የመጣ ሽማግሌ የምስክር ቦታ ላይ ቆሟል። ዳኛው ይጠይቁታል፤ ዝም። ደግመው ይጠይቁታል፤ መሬት መሬት ያያል። ዳኛው ተቆጡ። «ችሎት መድፈር ነው ይሄ! መልስ እንጂ!» አሉ። ድምፃቸው ከፍ ባለ ቁጥር ሽማግሌው ትከሻው እየጠበበ፣ አንገቱ እየገባ ሄደ። ሰውም «ምን ዓይነት ደረቅ ነው!» እያለ ተንሾካሾከ።

ከተቀመጡት መካከል አንዲት ሴት ብድግ ብላ «ክቡር ፍርድ ቤት፣ አማርኛ አይሰማም» አለች።

አስተርጓሚ ተፈልጎ መጣ። ሽማግሌው አጠገብ ቆመና ዝቅ ብሎ፣ በገዛ ቋንቋው፣ ሁለት ሦስት ቃል አለው። ደምሰው፣ ያ ሽማግሌ ቀና አለ! ፊቱ ተፈታ። መናገር ጀመረ፤ በእጁ እያሳየ፣ እየማለ፣ እየተቆጣ ተናገረ፤ ዳኛው ራሳቸው «ቀስ በል፣ እንጻፈው» ብለው እስኪለምኑት ድረስ። ደረቅ የተባለው ሰው የሚናገረው ሞልቶት ኖሯል።

ጸሐፊው በሩ ላይ ቆሞ «ፕሪንተሬ!» ብሎ ጮኸ። ፖሊሱ ክንዱን ይዞ አስወጣው። የሰማው ሁሉ አበደ አለ።

ቀጥ ብሎ ሄዶ ለዚያ ጓደኛው ደወለ። «ፕሪንተሩ አልሞተም አይደል? የአዲሱን ሲስተም ቋንቋ ስለማያውቅ ነው አይደል ዝም ያለው?» አለው።

«አዎ፣ አስተርጓሚው ድራይቨር ይባላል» አለው ጓደኛው። «ትንሽ ፕሮግራም ነው። ሲስተሙ የሚለውን ለዕቃው፣ ዕቃው የሚለውን ለሲስተሙ ያደርሳል። የድሮዎቹ ከድሮው ጋር አብረው ተደመሰሱ። አሁን ለእያንዳንዱ የራሱን መፈለግ አለብህ። ለሁሉም አንድ ላይ የሚሆን የለም።»

ሰውየው መፈለግ ጀመረ። የድምፁ ቶሎ ተገኘ፤ ከሲስተሙ ጋር አብሮ መጥቶ ኖሮ «ሥራ» የሚለው ነበር ያጣው። ሰሌዳው ትንሽ አንገራገረና ገባለት። ዋይፋዩ ግን ጉድ ነበር። የዋይፋዩ አስተርጓሚ ያለው ኢንተርኔት ላይ ነው፤ ኢንተርኔት የሚገባው ደግሞ በዋይፋይ ነው። አየህልኝ? ለመነጋገር መጀመሪያ መነጋገር ያስፈልጋል! ሰውየው ራሱን ይዞ ተቀመጠ። በመጨረሻ የሻይ ቤቷን ባለቤት «እባክሽ እቴ፣ ስልክሽን ለአንድ አፍታ» አላት። ስልኳን በገመድ ከላፕቶፑ አገናኝቶ በሷ ኢንተርኔት አወረደው። ያን ያህል የኮራ ሰው ለመነ። ምንም አልሆነም፤ ዋይፋዩም ተከፈተ።

የቀረው ፕሪንተሩ ነው። የፕሪንተሩ ሠሪዎች ለአዲሱ ሲስተም የሚሆን አስተርጓሚ ጭራሽ አልሠሩለትም። ሰውየው ለሌሎች ፕሪንተሮች ከተሠሩት የዘመዱን፣ የሚመስለውን፣ የሚቀርበውን እያመጣ ሞከረ። አንዱ አልገባም አለ። አንዱ ገባና ፕሪንተሩ ድንገት ተነስቶ ይተፋ ጀመር። ባለጉዳዩ እልል አለ። ወረቀቱን ሲያዩት ምን አለበት መሰለህ? ነጥብ፣ መስመር፣ ሳጥን፣ የማንም ፊደል ያልሆነ ዝብርቅርቅ። ገጽ በገጽ ላይ። ባለሱቁ ለካ እዚያው ሻይ እየጠጣ ነበር። አንዱን ገጽ አነሳና ከፍ አድርጎ እንደ ዳኛ ድምፁን አጎርንኖ «አነበበው»፤ ሰው በሳቅ ወደቀ።

«እንግዲህ በቃህ፤ ስጠኝ» አለው።

ጸሐፊው ግን የሚስቅበትን ሰው ሁሉ ዞር ብሎ አየና «የምን በቃህ! እስከ ትናንት ዲዳ ነበር። ዛሬ አፉን ፈታ! የማይገባኝ ቢሆንም ተናገረ እኮ!» አለ። ዝብርቅርቁንም ወረቀት ሰብስቦ ከዳሱ ምሰሶ ላይ ሰካው።

ቀጠለ። ሰው ሰለቸው፣ እሱ አልሰለቸም። ችሎቱ ሊደርስ ሲል አንድ ሩቅ አገር ያለ፣ በስም እንኳ የማያውቀው ሰው የሠራውን አገኘ። ያ ሰውም ያንኑ ዓይነት ፕሪንተር ይዞ፣ እንደሱው «ተመለስ» ሲሉት እምቢ ብሎ፣ ተቀምጦ አስተርጓሚውን በገዛ እጁ ጽፎ፣ ለሚፈልግ ሁሉ ይሁን ብሎ ያስቀመጠው ነው። ጸሐፊው ጫነው። ታሪኳን ለራሱ ካስቀረው የእጅ ጽሑፍ ግልባጭ ተይቦ እናትየዋን ጠራት። «ፕሪንት» አለ።

ፕሪንተሩ አቃሰተ። ቆመ። ደግሞ አቃሰተና ወረቀቱን ሳበ። ቀስ ብሎ፣ እንደ ድሮው እየተንደረደረ ሳይሆን መስመር በመስመር እያወጣ ተፋው። ቀለሙ ፈዛዛ ነው፤ ጠርዙም ትንሽ ዘመም ብሏል። ግን አማርኛ ነው፤ ከላይ እስከ ታች የሷ ታሪክ ነው።

ሴትዮዋ ማንበብ አትችልም። «ስሜ አለበት?» አለችው።

«አለ። እዚህ ጋ» አለና ጣቷን ይዞ አስነካት።

ፋይሉ ያን ዕለት አልተበላም፤ በማግሥቱም አልተበላም። ቅጂው ለተከሳሾቹ ደረሰ፤ ቤቷም በኋላ በፍርድ ጸናላት።

አሁን ልዋሽህ አልፈልግም። ካሜራው እስከ ዛሬ አልተከፈተም። ስንቱን አስተርጓሚ ሞከረለት፣ እሺ አላለም። ጸሐፊው ግን ተስፋ ቆርጦ ፕላስተር አልለጠፈበትም። ጠዋት ጠዋት ዳሱን ሲከፍት ስክሪኑን በጨርቅ ይወለውላል፤ ያችንም ትንሽ ዓይን አብሮ ይወለውላታል።

እንግዲህ ደምሰው፣ ወዲህ እየኝ። ያ ጸሐፊ አንተ ነህ። ልብህን ደምስሰህ አዲስ ጭነሃል፤ ደግ አደረግህ። ልጆችህ ግን ስንት ዘመን ሙሉ የተማሩት አንድ ቋንቋ ብቻ ነው፤ የጩኸትህን። ስትጮህ ምን ማድረግ እንዳለባቸው ያውቃሉ፤ ይሮጣሉ፣ ይታዘዛሉ፣ ይደበቃሉ። ቀስ ብለህ ስትናገር ግን ምን እንደፈለግህ አያውቁም። «አሁን ደግሞ ምን ሊያመጣ ነው?» ይላሉ። አመፅ አይምሰልህ። ዲዳም አይደሉም። ያ ሽማግሌ ችሎት ፊት እንደቆመው ቆመዋል፤ አንተ ደግሞ እንደ ዳኛው ልትቆጣ ትፈልጋለህ!

«ድሮ ይሠራ ነበር» ትለኛለህ። አዎ፣ ይሠራ ነበር። ምን እየበላ? እሱን ንገረኝ። ልጅህ ከትምህርት ቤት መጥቶ ሊነግርህ አስቦ ፊትህን አይቶ የዋጠው ነገር ስንት ነው? የት ሄደ ያ ሁሉ? ተበላ! ወደዚያ ነው የምትመለሰው? ኧረ ወግድ! እኔ በሕይወት ሳለሁ አትመለሳትም።

ለእያንዳንዳቸው የየራሳቸውን ፈልግ። ትንሿ ቶሎ ትመጣለች፤ ዝቅ ብለህ አጠገቧ ተቀመጥ፣ ይበቃታል። ወንዱ ልጅህ መጀመሪያ የሚመልስልህ ስድብ ሊሆን ይችላል። ዝብርቅርቅ ያወጣል። ያን ጊዜ እጅህን እንዳታነሳ፤ «አፉን ፈታ!» ብለህ ደስ ይበልህ። ሚስትህም እንኳን ገና አላመነችህም፤ እሷንም አትቸኩልባት። ልጆቹ እህትህን ያምናሉ አይደል? ሂድና አፏን ተዋስ። «አንቺ ንገሪልኝ፣ ሌላ ሰው ልሆን እየሞከርኩ ነው በይልኝ» በላት። ማፈርህን ተወው፤ ከሻይ ቤቷ ስልክ የለመነው ጸሐፊ አልሞተም። ጓደኞችህ «ወንድነትህ የት ሄደ?» እያሉ እንደሚስቁብህ ሰምቻለሁ። ይሳቁ! ባለሱቁም ስቆ ነበር።

ትልቋ ልጅህ… አውቃለሁ። እህትህ ቤት ከገባች ወዲህ ስልክህን አታነሳም። ምናልባት ነገ ታነሳለች። ምናልባትም ከቶ አታነሳም፤ ይሄን ልደብቅህ አልችልም፤ የበላኸው ብዙ ነው። ያም ሆኖ ላንተ የመመለሻ ምክንያት አይሆንም። አሁን ተነስና ወደ ቤትህ ሂድ። ስትገባ ጭጭ ካሉብህ በሩ ላይ ቆመህ በአዲሱ ንግግርህ አንድ በአንድ በየስማቸው ጥራቸው። ነገም ጥራቸው። ለሷም ደውልላት።

ባታነሳም ደውል።